እራፊው ተሰፍቷል፣ ቀዳዳውስ?

መጋቢት 30 ቀን 2006 ዓ.ም. ማክሰኞ ነበር፤ የደመወዝ ቀን። እኔ ግን ቀኑን የማስታውሰው በደመወዙ አይደለም። የመሥሪያ ቤታችንን ሰርቨር ማንም ሳይቀድመኝ የደፈንኩ መስሎኝ፣ ከቢሮው ሥር ባለችው ሻይ ቤት፣ ጾም ስለነበር በሻይና በፓስቲ፣ ለጓደኞቼ ስፎክር ያረፈድኩት በዚያ ቀን ስለሆነ ነው።

በዋዜማው ምሽት፣ በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ኤፕሪል 7 ቀን 2014፣ የኮምፒውተሩን ዓለም ያስደነገጠ ወሬ ወጥቶ ነበር። ኦፕን ኤስኤስኤል የሚባለው፣ ድረ ገጾች ከእኛ ጋር የሚነጋገሩትን ሌላ ሰው እንዳይሰማ የሚቆልፈው ፕሮግራም ቀዳዳ ተገኘበት። ስምም ወጣለት፤ «ሃርትብሊድ»፣ የልብ መድማት እንደ ማለት። የእኛ ሰርቨር የሚሠራው በዴቢያን ነው። ዴቢያን ከሊኑክስ ወገን የሆነ፣ ኮዱን ማንም ሊያነበው፣ ሊቀዳውና ሊያሻሽለው የሚችል ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ኢያን መርዶክ የሚባል ወጣት የእጮኛውን የዴብራንና የራሱን ስም አጋብቶ ያወጣለት ስም ነው፤ ዛሬ አንድ ሺህ ገደማ በጎ ፈቃደኛ አባላት ከየአገሩ ይሠሩታል። የደኅንነት ቡድኑ ማስተካከያውን በዚያው ዕለት አውጥቷል። ጠዋት ገብቼ ሁለት ትእዛዝ ጻፍኩ፤ «አፕት ጌት አፕዴት»፣ ቀጥሎ «አፕት ጌት አፕግሬድ»። ጽሑፉ ስክሪኑ ላይ ወረደ ወረደና ቆመ። ምንም ስሞታ የለም። በእኛ ሙያ ዝምታ ማለት «ተሳክቷል» ማለት ነው።

የቀረኝ አንድ ነገር ነበር፤ ድረ ገጹን የሚያስተናግደውን ፕሮግራም አጥፍቶ ማስነሣት። ለሒሳብ ክፍል ኃላፊዋ ሄጄ ነገርኳቸው።

«አንተ ልጅ፣ ዛሬ ደመወዝ መሆኑ ጠፍቶህ ነው? አሁን ብታጠፋብኝ ይሄ ሁሉ ሠራተኛ በሬ ላይ ነው የሚያድረው።»

«ይሁን እትዬ፣ ማታ አደርገዋለሁ» አልኩ። ማታ ረሳሁት።

ዘጠኝ ቀን አለፈ። ጸሎተ ሐሙስ ዕለት፣ ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ሊሄድ ቦርሳውን ሲያነሣ፣ ለልምምድ የመጣች ተማሪ አጠገቤ ተቀምጣ የተከፈቱ ፋይሎችን የሚዘረዝር ትእዛዝ ትሞክር ነበር። ቆይታ ቆይታ «ጋሼ» አለችኝ፣ «ይሄ ፕሮግራም የተሰረዘ ፋይል ይዞ ነው እንዴ የሚሠራው?»

አንገቴን ወደ እሷ ስክሪን አዘነበልኩ። ከኦፕን ኤስኤስኤል ፋይል ስም አጠገብ «ዲሊትድ» የምትል ቃል ተጽፋለች። ጆሮዬ ሲግል ተሰማኝ።

አንድ ፕሮግራም ሲነሣ የሚያስፈልገውን ኮድ ከዲስክ አንብቦ ወደ ሜሞሪ ያስገባል። ከዚያ ወዲያ ዲስኩ ላይ ያለው ፋይል ቢቀየር እሱ ምን ገዶት፤ የሚሠራው አስቀድሞ በያዘው ቅጂ ነው። በር ላይ የቆመ ዘበኛ አስቡ። የአምናውን መመሪያ በቃሉ ይዟል። አዲሱ መመሪያ ማኅተም ተመትቶበት ቢሮ ውስጥ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ አለቃውም ለጥፈናል ብሎ ወደ ቤቱ ሄዷል። ዘበኛውን ግን ጠርቶ «ግባና አንብበው» ያለው ሰው የለም። እሱ አሁንም በአምናው መመሪያ ያስገባል፣ ያስወጣል። እኔ ያደረግሁት ልክ ይህንኑ ነው።

የባሰው የሚያስቀው ደግሞ ሌላ ነው። በዚያን ሰሞን መብራት ቶሎ ቶሎ ይጠፋ ነበር። ቢሮው ግን አዲስ ጀነሬተርና ትልቅ ባትሪ ገዝቶ ስለነበር፣ ሰርቨሩ አንድም ጊዜ ሳይወድቅ ከዓመት በላይ ቆሞ ነበር፤ እሱም ሌላው የምፎክርበት ነገር ነበር። ጀነሬተሩ ባይገዛ ኖሮ፣ በማግስቱ መብራት ሲጠፋ ሰርቨሩ ወድቆ፣ ሲነሣ አዲሱን ኮድ ይዞ ይነሣ ነበር። ዘጠኝ ቀን ክፍት ሆነን የቆየነው መብራት ስላልጠፋብን ነው ማለት ነው። ይህን ለአለቃዬ እስከ ዛሬ አልነገርኩትም።

ማስነሣቱ አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ከዚያ በኋላ ያለው ግን እስከ ማታ ቆየ። የሰርቨሩ ምስጢራዊ ቁልፍ ተጥሎ አዲስ ወጣ፤ ሰርቲፊኬቱ ተቀየረ፤ ሠራተኛው ሁሉ በስቅለት ዋዜማ የይለፍ ቃሉን እንዲለውጥ ተነገረው። አንዳንዱ ጉልባኑን ሊበላ ቤቱ ከደረሰ በኋላ ነው የደወልንለት። በእነዚያ ዘጠኝ ቀናት ማን ገባ፣ ምን ወሰደ? ሃርትብሊድ በተለመደው መዝገብ ላይ ዱካ የማይተው ቀዳዳ ነው። ጥያቄውን ይዤው ቀርቻለሁ።

የሃርትብሊድን አሠራር ለእናቴ ያስረዳኋት በሱቅ ነው። አንድ ሰው መጥቶ ባለሱቁን «እዚያ መኖርህን እንዳውቅ ይህችን ቃል መዝግበህ መልሰህ አንብብልኝ፤ ቃሏ ‹ሰላም› ናት፣ ርዝመቷ 500 ፊደል ነው» ይለዋል። ባለሱቁ ሦስት ፊደል መሆኗን አይቆጥርም። የጻፋት የዱቤ ደብተሩ ላይ ነው። «ሰላም» ብሎ ይጀምርና 500 እስኪሞላ ድረስ ከሥር ያገኘውን ሁሉ ያነብለታል፤ የእነ እገሌን ዕዳ፣ የእነ እገሊትን ስልክ፣ የሣጥኑ ቁልፍ የት እንደሚቀመጥ። ሰርቨሩም እንዲህ በአንድ ጥያቄ እስከ 64 ኪሎባይት ከሜሞሪው እየቀዳ ይሰጥ ነበር፤ ጠያቂው የፈለገውን ያህል ጊዜ መመላለስ ይችላል። ስሕተቱ ከኮዱ ጋር የተቀላቀለው በ2011 የመጨረሻ ዕለት ሲሆን (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ዓ.ም. ካላልኩ በቀር፣ የአውሮፓውያኑ ናቸው)፣ ከሁለት ዓመት በላይ የተመለከተው ሁሉ ሳያየው አልፏል።

«ታዲያ ያንን ሰውዬ ፊደሉን ቁጠር አይሉትም?» አለች እናቴ። ያ ነው ጠቅላላ ማስተካከያው። ጥቂት መስመር፤ ቁጠር፣ ካልገጠመ ዝም በል።

ፈረንጆቹ «ፓች» ይሉታል። በእኛ ቃል እራፊ ነው፤ ቃሉ የሚገባ ይመስለኛል። እናቴ የትምህርት ቤት ሱሪዬ ጉልበቱ ላይ ሲበሳ ከራሱ ከሱሪው ቅምቅማት ትርፍ ጨርቅ ቆርጣ ነበር የምትጥፈው። ሌላ ጨርቅ ከጣፍክበት ቀለሙ ያሳብቃል፤ ሲታጠብም አንዱ ይሰበሰባል፣ ሌላው ይለጠጣል፣ ስፌቱ ይተረተራል። ፈረንጆቹም ቃሉን ያመጡት ከዚያው ሠፈር ነው። ፕሮግራም በተበሳ ወረቀት ላይ ይጻፍ በነበረበት ዘመን በስሕተት የተበሳውን በቁራጭ ወረቀት ይለጥፉበት ነበር። በ1985 ላሪ ዋል የተባለ አሜሪካዊ ይህንኑ ሥራ የሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም ጻፈ፤ ስሙንም «ፓች» አለው። የዛሬ እራፊም ቢሆን ተከፍቶ ሲታይ ተራ ጽሑፍ ነው። የመቀነስ ምልክት ያለበት መስመር ይውጣ፣ የመደመር ምልክት ያለበት ይግባ ይላል። አልፎ አልፎ አንድ የመደመር ምልክት ብቻ ነው።

ታዲያ የክፍት ኮድ ጣጣው እዚህ ጋ ነው። እራፊውን እኔ እንደማነበው ሌባውም ያነበዋል። የት እንደተሰፋ ያየ ሰው የት እንደተቀደደ ለማወቅ ነቢይ መሆን አያሻውም። ኮዳቸውን በሚደብቁ ኩባንያዎች ሶፍትዌርም ሌቦች አሮጌውንና አዲሱን አስተያይተው ቦታውን ያገኙታል፤ ድካሙ ይጨምራል እንጂ አይቀርም። ስለዚህ አንድ ቀዳዳ ሲገኝ አግኚው መጀመሪያ የሚናገረው በጆሮ ነው። የሊኑክስ አከፋፋዮች የደኅንነት ሰዎች ምስጢር የሚጋሩበት የጋራ መስመር አላቸው፤ ሕጉ ወሬውን ከ14 ቀን በላይ ይዞ ማቆየት አይፈቅድም። በዚያ ጊዜ እራፊው ይዘጋጃል፣ ይሞከራል፤ ከዚያ ሁሉም በአንድ ቀን ይለቁታል። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ባለቤትና ሌባ እኩል ያውቃሉ። ልዩነታቸው ማን ቀድሞ ተንቀሳቀሰ ነው።

እራፊው እውነተኛ መሆኑን ኮምፒውተሩ የሚያውቀው በማኅተም ነው። ዴቢያን የሚልከውን ዝርዝር በራሱ ቁልፍ ይፈርምበታል፤ «አፕት» ፊርማው ካልገጠመ አልቀበልም ይላል። በዚህ ምክንያት ከየትኛውም አገር ግልባጭ ብናወርድ፣ ኢንተርኔት ሲያስቸግር በፍላሽ ብናመጣም ግድ የለም። ፊርማው ግን የሚመሰክረው ማን እንደላከው ነው። የተላከው ነገር ጤነኛ ስለመሆኑ ምንም አይልም። ይህን ልዩነት ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ከዚያ ጸሎተ ሐሙስ ወራት በኋላ ከአንድ አጋር ድርጅት የተላከ የኦዲት ባለሙያ መጣ። ላፕቶፑን ከእኛ መስመር ጋር አገናኝቶ አንድ መፈተሻ ፕሮግራም ለቀቀበት። ሪፖርቱ ሲመጣ የእኛ ሰርቨር በቀይ ተጽፏል፤ «ለሃርትብሊድ የተጋለጠ»። ለምን? የኦፕን ኤስኤስኤል ዋና አዘጋጆች ቀዳዳውን የደፈኑት 1.0.1ጂ በሚባለው እትም ነው። የእኛ ስክሪን ደግሞ 1.0.1ኢ ይላል። ኢ ከጂ በፊት ነው፤ ስለዚህ አሮጌ ነው፤ ስለዚህ ክፍት ነው። መፈተሻው ያየው ይህንን ብቻ ነበር።

እውነቱ የእናቴ ቅምቅማት ነው። ዴቢያን ለተረጋጋ እትሙ አዲስ ሶፍትዌር አያስገባም። አዲስ እትም ቀዳዳውን ቢደፍንም አብሮት የሚያመጣው ሌላ ጠባይ አለ፤ ትናንት ይሠራ የነበረው የሒሳብ ፕሮግራም ዛሬ እምቢ ይላል። ስለዚህ የደኅንነት ቡድኑ ከአዲሱ እትም የቀዳዳውን መድፈኛ መስመሮች ብቻ ፈልቅቆ በአሮጌው ልክ ቆርጦ ይጥፍበታል። ቁጥሩ ኢ እንደሆነ ይቀራል፤ ከኋላው ግን «ዴብ7ዩ5» የምትል ጭራ ትቀጠልበታለች፤ ለሰባተኛው ዴቢያን አምስተኛው ጥገና ማለት ናት። ጭራዋን ያላነበበ ሰው ምንም አላነበበም።

ኦዲተሩ ጨዋ ሰው ነው፤ ግን «ሲስተሙ የሚለው ይሄንን ነው» ከማለት አልወጣም። የለውጥ መዝገቡን ከፍቼ የቀዳዳውን መለያ ቁጥር እስካሳየው ድረስ ግማሽ ቀን ተከራከርን። በልቤ የነበረውን አልነገርኩትም። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ወለል ብሎ ተከፍቶ ሳለ የጠየቀኝ አልነበረም፤ ከተዘጋ በኋላ በቀይ ተጻፍኩ።

እስካሁን የተናገርኩት እራፊ ቀዳዳ ስለመድፈኑ ነው። ቀዳዳውን ራሱ እራፊው ያመጣበት ጊዜም አለ። ይህንን የተማርኩት ቀደም ብሎ፣ ለሥራው ገና ጀማሪ ሳለሁ፣ በሚሌኒየሙ ዓመት ነው፤ ግንቦት 5 ቀን 2000 ዓ.ም.።

መርካቶ የተገዛች ርካሽ ጓጉንቸር የጎረቤት ቁልፍ ከፍቷት የማያውቅ ቤት ካለ እሱ ዕድለኛ ነው። ፋብሪካው የሚቀርጸው የጥርስ ዓይነት ጥቂት ነው፤ ሺህ ጓጉንቸር ሲሸጥ ብዙዎቹ መንትያ ይሆናሉ። የኮምፒውተር ቁልፍ የሚተማመነው እንዲህ ያለ መንታ እንዳይኖረው ነው። ቁልፉ የሚወጣበት ዕጣ ተቆጥሮ የማያልቅ መሆን አለበት፤ ለዚያም ፕሮግራሙ ከየአቅጣጫው ማንም ሊገምተው የማይችል ዝባዝንኬ ቁጥር ሰብስቦ በአንድ ማሰሮ ያማስላል።

በ2006 የዴቢያንን ኦፕን ኤስኤስኤል የሚንከባከበው አባል አንድ ስሞታ ደረሰው። ቫልግሪንድ የሚባል፣ ፕሮግራሞች ሜሞሪን እንዴት እንደሚጠቀሙ የሚመረምር መሣሪያ አለ። «ይሄ ኮድ ማንም ያልጻፈበትን የሜሞሪ ቦታ ያነባል» እያለ ይነዘንዛል። ሰውየው የሚያስነዘንዙትን ሁለት መስመሮች አገኘ። እንዳይሠሩ ቢያደርጋቸው ችግር ይኖረው እንደሆነ የኦፕን ኤስኤስኤልን ሰዎች ጠየቀ፤ የተቃወመው አልነበረም። በመስከረም 1999 ዓ.ም. እራፊው ገባ። ንዝንዙ ቆመ። ሁሉም ነገር ይሠራል።

ከሁለቱ መስመሮች አንዷ ብትወጣም ባትወጣም ለውጥ የላትም ነበር። ሌላዋ ግን ዝባዝንኬው ሁሉ ወደ ማሰሮው የሚገባባት አፍ ነበረች። እሷ ስትዘጋ ማሰሮው ውስጥ የቀረው ፕሮግራሙ በዚያ ቅጽበት የያዘው ተራ ቁጥር ብቻ ሆነ፤ ያም ከ32,768 አያልፍም። ዴቢያንና ከዴቢያን የተወለደው ኡቡንቱ ለሃያ ወር ያህል የመርካቶ ጓጉንቸር ሲያመርቱ ከረሙ። አንድ ሰው ላፕቶፑን ይዞ ቁልፎቹን በሙሉ አስቀድሞ ሊቀርጻቸው ይችላል፤ የቀረጹም ነበሩ። ነገሩን ያወቀው ሉቺያኖ ቤሎ የተባለ የዴቢያን አባል ነው።

የግንቦት 5ቱ ማስተካከያ የወጣችውን መስመር መልሶ አስገባት። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የተሞኘው። ፋብሪካው ተስተካከለ እንጂ ቀድሞ የወጡት ጓጉንቸሮች በየበሩ ተንጠልጥለው ናቸው። ቁልፍህን ዴቢያን ላይ አውጥተህ ወደ ሌላ ማሽን ቀድተኸው ከሆነ፣ ያ ማሽን ዴቢያን ባይሆንም በሩ ክፍት ነው። ዴቢያን የተበላሹትን ቁልፎች ዝርዝር በፓኬጅ አዘጋጅቶ፣ የሚፈትሽ ትንሽ ፕሮግራምም ጨምሮ አወጣ። እኔም በፍላሽ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ የምዞረውን፣ የምኮራበትን ቁልፍ ሰጠሁት። በትልልቅ ፊደል «ኮምፕሮማይዝድ» ብሎ መለሰልኝ። ያኔ ገመዱን ከአንገቴ አወለቅሁ፤ ከዚያ ወዲህ ቁልፍ አንጠልጥዬ አላውቅም።

ያ ቫልግሪንድ ከ18 ዓመት በኋላ እንደገና ነዘነዘ። አሁን ግን የሰማው ሰው ዝም አላሰኘውም።

አንድሬስ ፍሮይንድ ማይክሮሶፍት ውስጥ የሚሠራ፣ የፖስትግሬስ ዳታቤዝን ከሚያበለጽጉት አንዱ የሆነ መሐንዲስ ነው። በ2024 መጀመሪያ ላይ ገና ባልተረጋጋው የዴቢያን እትም ላይ የዳታቤዙን ፍጥነት ይለካ ነበር። (የዴቢያን እትሞች የሚሰየሙት «ቶይ ስቶሪ» በሚለው የልጆች ፊልም ገጸ ባሕርያት ነው፤ ይህ መቼም የማይረጋጋው እትም ለዘላለሙ «ሲድ» ይባላል፤ መጫወቻ በሚሰባብረው በጎረቤቱ ልጅ ስም።) ከርቀት ወደ ማሽኑ የሚገባበት ኤስኤስኤች ግማሽ ሰከንድ ያህል ይዘገያል፤ ፕሮሰሰሩንም ያለ አግባብ ያደክመዋል። ቫልግሪንድም ከዚያ ቀደም ስሞታ ማሰማቱ ትዝ አለው። ግማሽ ሰከንድ! እኔ ብሆን ኔትወርኩን ረግሜ ቡና ልጠጣ እሄድ ነበር። እሱ ክሩን ሳበው፤ ክሩ ኤክስዜድ ወደሚባል ፋይል መጭመቂያ ፕሮግራም ወሰደው።

ኤክስዜድን ለዓመታት በትርፍ ጊዜው፣ ያለ ክፍያ ሲንከባከብ የኖረው ላሴ ኮሊን የተባለ ሰው ነው። ከ2021 ጀምሮ «ጂያ ታን» የሚል ስም የያዘ ሰው ማገዝ ጀመረ። ትሑት፣ ታታሪ፣ ጥሩ እራፊ የሚያመጣ። በመሀል ማን እንደሆኑ የማይታወቁ ሌሎች ብቅ እያሉ ሥራው ዘገየ፣ ሌላ ሰው ይረከብ እያሉ ኮሊንን ወጠሩት። የደከመ ሰው ደግሞ ረዳት ሲያገኝ ደስ ይለዋል። ቀስ በቀስ አዲስ እትም የማውጣት ሥልጣን ለጂያ ታን ተሰጠ። በ2024 የካቲት ገደማ 5.6.0 ወጣ፤ ቀጥሎ 5.6.1። ፕሮግራሙን ለመፈተሽ የተቀመጡ ናቸው በተባሉ፣ ሰው ቢከፍታቸው የማያነባቸው ፋይሎች ውስጥ የተሰወረ ኮድ ነበር። አንድ የተወሰነ ምስጢራዊ ቁልፍ የያዘ ሰው በኤስኤስኤች በኩል እንዳሻው ትእዛዝ እንዲሰጥ የሚያደርግ የጓሮ በር። ጂያ ታን ማን እንደሆነ፣ አንድ ሰው ይሁን ብዙ፣ እስከ ዛሬ በይፋ የተገለጠ ነገር የለም።

ኤስኤስኤች በተፈጥሮው ከኤክስዜድ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ያገናኛቸው ዴቢያንና ሌሎች አከፋፋዮች ለራሳቸው ምቾት የጣፉበት እራፊ ነው። እራፊው ሌላ ላይብረሪ (ፕሮግራሞች የሚዋሱት የተዘጋጀ ኮድ) ይጠራል፣ ያ ላይብረሪ ደግሞ ኤክስዜድን ይዞ ይመጣል። ዘመድ የዘመዱን ዘመድ ይዞ እንደሚመጣበት ድግስ ነው። ፊርማውም አላዳነም፤ ፓኬጁ በሕጋዊው ሰው እጅ የወጣ፣ በትክክለኛው ማኅተም የታተመ ነበር።

ፍሮይንድ ነገሩን ለሁሉም ይፋ ያደረገው ማርች 29 ቀን ነው። የተረጋጋው ዴቢያን ገና 5.4.1 ላይ ስለነበር አልተነካም። «ለምን አሮጌ እትም ታስኬዳለህ?» እያሉ ሲያሾፉብኝ የኖሩ ወጣት ባልደረቦቼ ያን ሳምንት ጭጭ ብለው ከረሙ። እኔ ጭጭ አላልኩም።

የዴቢያን ሰዎች ሲድን ያዳኑበት መንገድ ደግሞ ያስቃል። የጥገናው ሥርዓት የሚያውቀው ወደ ላይ መውጣት ብቻ ነው፤ 5.6.1 የጫነ ማሽን 5.4.5ን ብትሰጠው «ከዚህ የበለጠ አለኝ» ብሎ ይተወዋል። ስለዚህ አሮጌውን ጤነኛ ኮድ በአዲሱ ቁጥር ጠቅልለው ሰደዱት። የእትሙ ስም ቃል በቃል «5.6.1 ሲደመር በእውነቱ 5.4.5» የሚል ነው። «በእውነቱ» የምትለዋ ቃል ስሙ ውስጥ አለች። ከኦዲተሩ ጋር ግማሽ ቀን ስከራከር ይህች ቃል በእጄ ብትኖር ምን ያህል ድካም ባተረፈችልኝ።

አሁን ሰርቨሮቹን በየሳምንቱ ቅዳሜ ማታ ከአራት ሰዓት በኋላ አስነሣቸዋለሁ። ያቺ ተለማማጅ ዛሬ ራሷ ሰርቨር ታስተዳድራለች፤ የትኛው ፕሮግራም የተሰረዘ ፋይል ይዞ እንደቀረ እየፈተሸ የሚናገር መሣሪያም እሷ ናት ያስጫነችኝ። የሒሳብ ክፍል ኃላፊዋ ጡረታ ወጥተዋል። ሲያገኙኝ «ዛሬስ ምኑን ልታጠፋው ነው?» ይሉኛል።

በቅርቡ የእህቴ ልጅ ስልኬ ዘገየብኝ ብላ መጣች። አክስቷ ከዱባይ የላከችላት፣ መስታወቱ እንኳ ያልተጫረ ስልክ ነው። አንድሮይድም ከሥሩ ሊኑክስ ነው፤ ከነሐሴ ገደማ 2015 ጀምሮ በየጊዜው የደኅንነት ጥገና ይወጣለታል። ጥገናው ሲወጣ ግን በቀጥታ ስልኩ ላይ አይደርስም። የስልኩ ሠሪ ወስዶ በራሱ ልክ መጣፍ አለበት፤ ሠሪው ደግሞ ከጥቂት ዓመት በኋላ ለአሮጌው ሞዴል መርፌ አያነሣም። ስልኩ አዲስ ይመስላል፣ ይበራል፣ ባንኳንም ትከፍትበታለች። ማስተካከያዎች ውስጥ ገብቼ ስለ ስልኩ የሚለውን ከፈትሁት፤ «የአንድሮይድ የደኅንነት ጥገና ደረጃ» ከሚለው ሥር የተጻፈውን ቀን አሳየኋት። ጁን 2019።

«እና አፕዴት ላድርገው?» አለች። አድርጊ አልኳት። ተጫነችው። ክቧ ዞረች፣ ዞረች፣ አረንጓዴ ምልክት ሆና ቆመች፤ «ሲስተምዎ ወቅታዊ ነው»።

«አየህ አጎቴ፣ ምንም የለበትም ይላል እኮ» አለችኝ፣ ስልኩን ልትቀበለኝ እጇን እየዘረጋች። ወደ ኋላ ተመልሼ ቀኑን እንደገና ከፈትሁት። ጁን 2019።